ከነጩ ጨርቅ ጀርባ ያለው ወንድም

ይግቡ አልሽኝ? ገባሁ። በሩን ልዝጋው ወይስ ገርበብ ላድርገው? … ልዝጋው። ዘግቼው ነበር፣ አንዴ ደግሜ ልየው ብዬ ነው። ዕድሜ እንዲህ ነው ልጄ፤ የቆለፍኩትን በር ያልቆለፍኩት ይመስለኛል፣ ያልቆለፍኩትን ደግሞ ቆልፌያለሁ ብዬ እምላለሁ። ስለዚህ ዛሬ ከማወራሽ ውስጥ አንዳንዱን ዝንፍ አድርጌ ብነግርሽ አትቀየሚኝ። ቅዳሜ መሆኑን እንጂ የትኛው ቅዳሜ መሆኑን አልምልም። የሰው ስም ደግሞ ጨርሶ ጠፍቶብኛል። የማንንም ስም የማልጠራው ለዚያ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

ልጄ ስልሽ ቅር አይልሽም አይደል? አንቺ የዚህ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነሽ፣ እኔ በር ጠባቂሽ ነኝ። በዕድሜ ግን ትልቋን ልጄን ታክያለሽ።

የመጣሁት ለፍሬሙ ነው። ያ ከራስሽ በላይ የሰቀልሽው የምስጋና ደብዳቤ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ጠዋት ሳጸዳ ነው ያየሁት፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ እምቢ አለኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ ላስተካክለው? … ይቆይ። ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም ከወንበሩ አልሻልም።

ያ ወረቀት ምንድነው? የቅዳሜው ፊልም ደንብ? አሃ … ልትፈርሚበት ነው። ጎሽ፣ ደንብ ጥሩ ነው። ማን አረቀቀው ብዬ አልጠይቅም። "ፊልም በሚታይበት ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ልጅ ለሦስት ወር ወደ አዳራሹ አይገባም።" እንዴት ያለ ሥርዓት አዋቂ ሰው ነው የጻፈው! ዝምታን እንዲህ የሚወድ ሰው፣ ራሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማይክ ጨብጦ ሲናገር የሚውለው … ለልጆቹ ብሎ እየተሠዋ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ባለ ድምፁ ብዬ ልጥራው። ስሙ ጠፍቶብኛል ብዬሻለሁ።

አንቺ የምታውቂውን ልንገርሽ፣ እኔ እንዳልስት። ከሥር ከሥሩ ካልሄድኩ ይምታታብኛል። ልጆቻችን የውጭውን ቋንቋ አይሰሙም። ከፊልሙ ሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ ለማንበብም ገና ናቸው፤ ትልቁ ስምንት ዓመቱ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ሲታይ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ "ልጅቷ እንዲህ አለች፣ አባቷ እንዲህ መለሰ" እያለ በእኛ ቋንቋ ይተርክላቸዋል። ይኸው ነው ሥራው። ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ልጅቷ ያለችውን ብቻ ማለት ቢሆን ማንም ይሠራው ነበር። ያላለችውን ማለት ግን ጥበብ ይጠይቃል።

አንቺስ ፊልሞቹን ስትመርጪ የደከምሽው! እዚህችው ወንበር ላይ ነበርሽ፣ እኔ ዲስኩን አቀብልሽ ነበር። አርባ ነበሩ መሰለኝ፣ ወይም ሠላሳ ስምንት። አንቺም ቋንቋውን አትሰሚውም፣ ይህን አትደብቂም፣ ደስ ይለኛል። ድምፁን ድርግም አድርገሽ ታጠፊና በዓይንሽ ብቻ ታያለሽ። "አባባ፣" አልሽኝ፣ "ድምፅ ሳይኖር ማን እንደሚመራ ካልታወቀ፣ ትመራለች ብለው የሚያወሩት ወሬ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ የሚያየው እጅና ፊት ነው።" በሽፋኑ ላይ ጎራዴ ይዛ የቆመችውን፣ ፊልሙ ውስጥ ገብተን ብናያት እስከ መጨረሻው ተኝታ ሰው እስኪቀሰቅሳት የምትጠብቀውን ትዝ ይልሻል? "ይቺ ጎራዴውን ለፎቶ ነው የተዋሰችው" ብለሽ ጣልሻት። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከአርባው ስምንት ቀሩ። ስምንቱም ውስጥ ሴት ልጅ ታስባለች፣ ትሳሳታለች፣ ታርማለች፣ ታዛለች።

ከዚያ በኋላ አንቺ ቅዳሜ ጠዋት ታች መጽሐፍ ታውሻለሽ፣ አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው። ምን ታደርጊ? ሰው ለሁለት አይሰነጠቅ። አንቺ ዓይን ሆነሽ የመረጥሽውን፣ ሌላው አፍ ሆኖ ያቀርበዋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ማይክ ሲጨመርበት ደግሞ ከአፋፍም ያልፋል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የድልድዩ ፊልም ነበር። ወንዝ ድልድያቸውን የወሰደባቸው፣ ልጅቷ በገመድ አዲስ ድልድይ የምታሠራበት። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ድንጋይ ላይ ወጥታ ጣቷን ትቀስራለች፣ ጢማም ጢማም ወንዶች ገመድ ይዘው ይሮጣሉ። በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ባለ ድምፁ ምን አለ መሰለሽ? በዚያ ማር በመሰለ ድምፁ፦ "ልጅቷ አባቷን፣ 'አባዬ፣ እባክህ፣ ባይሆንም አትቆጣኝ፣ ገመዱን ወደዚህ ብንስበውስ?' ብላ ትለምናለች። አባቷም፣ 'ቆይ ልጄ፣ እኔ ቀድሜ አስቤበታለሁ' ይላታል።"

አሰብኩ እኔ። የሚለምን ሰው ጣቱን እንዲያ ይቀስራል? አባትየው ደግሞ ዳቦ እየበላ ነው። አፉ ሙሉ ነው! አፉ ዳቦ ሞልቶ ይህን የመሰለ ረጅም ንግግር ያደረገ አባት፣ ልጄ፣ በዕድሜዬ አላየሁም። እኔ ግን ስድስተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ሰው ነኝ፣ ምን አውቃለሁ? በውጭ አገር በዳቦ ውስጥ ይናገሩ ይሆናል።

የልጄን ልጅ ታውቂያታለሽ፣ "ጥያቄ" የምንላትን። ሰባት ዓመቷ ነው። ከዚያ ፊልም ወደ ቤት ይዣት ስሄድ ዝም አለች። ጥያቄ ዝም አለች ማለት እኮ ወንዝ ቆመ ማለት ነው። ማታ እራት ላይ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ወንበር ላይ ወጥታ ብርጭቆ ልታወርድ ስትል ታናሽ ወንድሟን፣ "ልውጣ? ትፈቅዳለህ?" አለችው። አራት ዓመቱ ነው። አፍንጫውን እንኳ ጠርጎ አያውቅ። ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ "እሺ፣ ፈቅጃለሁ" አላት። በማግስቱ ጫማዋን ለማሰር፣ በሦስተኛው ቀን ለመሳቅ! "ልሳቅ?" ትለዋለች። እሱ አንዳንዴ ይከለክላል። ሥልጣን ማን ጠልቶ?

እኔ ይህን ሳይ ተጨነቅሁ። መጨነቅ ልማዴ ነው፣ ታውቂያለሽ። ግን ባለ ድምፁን አደነቅሁት። የድሮ ሰዎች "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" ይሉ ነበር። ተረቱ አርጅቷል፣ ዛሬ ቢሉት ሰው ይቆጣቸዋል። እሱ ግን አደሰው … ሴት ብታውቅ በማይክ ያልቃል። ማንም አልተቆጣም፤ እንዲያውም ወላጆች አጨበጨቡ።

ሁለተኛው የዋሻው ፊልም ነው። ሦስተኛው ይሆን? ዋሻው ይሁን ብቻ። ልጅቷ ፋኖስ ይዛ ዋሻ ውስጥ የጠፉትን ልጆች ብቻዋን የምታወጣበት። "ብቻዋን" ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ ለዚያ ነው የመረጥሽው። ታዲያ ሌላ ሰው እንደሌለ ማንም ያያል። የሚለመን አባት የለም፣ የሚፈቅድ አጎት የለም። ባለ ድምፁ ዛሬስ ምን ይውጠው ይሆን ብዬ አዘንኩለት። እንዴት እንዳቃለልኩት! እሱ እኮ ለዚህ አይቸገርም። "ወንድሟ ከኋላ ሆኖ መንገዱን እየነገራት ነው" አለ። ልጆቹ "ወንድሟ የታለ?" ብለው ጮኹ። "አይታይም፣ ከኋላ ነው፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው" አላቸው። ልጅቷ ወደ ግራ ስትታጠፍ፣ "ወንድሟ ግራ ታጠፊ አላት"። ስትወድቅ፣ "ወንድሟን ስላልሰማች ነው"። የጠፉትን ስታገኝ፣ "ወንድሟ አገኛቸው"።

ፊልሙ ሲያልቅ ጥያቄ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። "አያቴ፣ ከኋላ እንየው" አለች። ፊልሙ የሚያርፍበትን ነጩን ጨርቅ ገልጬ አሳየኋት። መጥረጊያ፣ ባልዲና የተሰበረ ወንበር። ሌሎቹም ልጆች ተከትለው ገቡ። አንዱ ባልዲውን ገልብጦ አየ። "ወንድሟ ሄዷል" አለ። ጥያቄ ግን መጥረጊያውን ትክ ብላ አየችና፣ "መጀመሪያም አልነበረም" አለች። እኔ አልሰማሁም። ጆሮዬ ይደክማል።

የዚያን ዕለት ፋርማሲ የምትሠራዋ፣ መንታ ልጆች ያሏት፣ ከኋላ ቆማ ነበር። ቋንቋውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። አፏን በሻርፕ አፍና እየሳቀች ወጣች። "አባባ፣ ልጅቷ ወንድም የላትም እኮ" አለችኝ። "ይኖራታል" አልኳት። "የሚያስፈልጋት ሰው ካለ ይፈጠርላታል።"

ምነው እስክሪብቶውን አስቀመጥሽ? ቀለሙ አለቀ? … እንዳይመስልሽ ልጄ። አንቺም ወንድም አለሽ፣ አውቃለሁ፤ እሱን አላልኩም። ያንተ ያለህ! ያንቺ ወንድም ሌላ ነው። እናታችሁ ካለፈች ወዲህ አንቺ ያሳደግሽው፣ አንቺ ትምህርትሽን አቋርጠሽ እሱን ገንዘብ ከፍለሽ ቋንቋ ያስተማርሽው፣ ሥራ ሲፈታ እዚህ ያስገባሽው … እንዲያ ያለ ሰው፣ ሴት ልጅ ብቻዋን መንገድ ስታወጣ አይቶ የሚያውቅ ሰው፣ እንዴት አድርጎ "ወንድሟ ነው ያወጣት" ይላል? አይልም። ስለዚህ ስለ ሌላ ሰው ነው የማወራው። ባርኔጣ ስለሚያደርግ ሌላ ሰው። "አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" ይላሉ፤ ባርኔጣው የራሱን ነገር ሸፈነለት፣ ለአፉ ግን ልኩ አልተገኘም።

ልጆቹ የድልድዩ ፊልም ይደገምልን አሉ። አንቺም ፈቀድሽ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የማይኩ ነገር የመጣው። ስለ ማይኩ ሰምተሻል? ሽቦዋ ጠፋች። እኔ ማንነቴን ታውቂያለሽ፤ እያንዳንዱን ሶኬት ሁለት ጊዜ የምዳስስ፣ ከሄድኩ በኋላ ከመንገድ የምመለስ ሰው ነኝ። የዚያን ቅዳሜ ግን … ዕድሜ። አይጥ ናት አሉ። ይሆናል። ሰኞ ሳገኛት ሽቦዋ መሳቢያ ውስጥ ነበረች፣ ሦስት ዙር ተጠቅልላ፣ በላስቲክ ታስራ፣ ልክ እኔ እንደማስራት። እንዲህ ያለች ጨዋ አይጥ አይቼ አላውቅም። ሌላዋ ብትሆን በጥርሷ በጥሳት ነበር።

ባለ ድምፁ ያለ ማይክ ሊተርክ ሞከረ። ስልሳ ልጅ! ማን ይሰማዋል? ድምፁ ሰለለ፣ አሳለው፣ ውሃ ፍለጋ ወረደ። ፊልሙ እንደሆነ ይሄዳል። ልጅቷ ድንጋዩ ላይ ወጣች፣ ጣቷን ቀሰረች። ያኔ ጥያቄ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቆመች። "እዩ! እሷ ናት የምታዛቸው! አባቷ ዳቦ እየበላ ነው!" አለች። አዳራሹ ተንጫጫ። አንዷ፣ "ሳቡ እያለች ነው!" አለች። ከዚያ ልጅቷ እጇን ባነሳች ቁጥር ስልሳው ሁሉ "ሳቡ! ሳቡ!" … ፋርማሲስቷ ከኋላ ሆና ጆሮዬ ላይ፣ "አባባ፣ ቃል በቃል ነው፤ ሳቡ ነው የምትለው" አለችኝ። ተርጓሚ ሳይኖር፣ ልጄ! በእጅና በፊት ብቻ! አንቺ እዚህ ወንበር ላይ ያልሽውን እነሱ እዚያ አደረጉት። መጥተሽ ባየሽው ብዬ ደረጃው ድረስ ወረድኩ፤ ከዚያ መጽሐፍ የሚመልስ ሰው ይዞሽ አየሁና ተመለስኩ። ፈራሁ መሰለኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ግን ያኔ ዝም በማለቴ ይኸው እስከ ዛሬ ስነቅዝ አለሁ።

ባለ ድምፁ ተመልሶ ሲመጣ መብራት አበራ። ፊልሙን አቆመ። አልተቆጣም፣ እውነቱን እንናገር። ፈገግ ብሎ፣ "ማነች አስተርጓሚዋ?" አለ። ጥያቄ እጇን አወጣች። የዋህ ናት፣ ሊያመሰግናት መስሏታል። "አንቺ ሥርዓት እስክትማሪ አትገቢም" አላት።

በሩን የሚጠብቀው ማነው? እኔ ነኝ። የሚከለከለውን የሚከለክለው ማነው? እኔ ነኝ። ይኸው አራት ቅዳሜ ሆነ፣ ወይም አምስት፣ የልጄን ልጅ በገዛ እጄ ደረጃው ላይ አስቀምጬ በሩን እዘጋለሁ። ቤት ቅሪ ብላት እምቢ አለች። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ትሰማለች። "አያቴ፣ ዛሬስ ወንድሟ መጣ?" ትለኛለች። "መጣ" እላታለሁ። "ዛሬ እንኳ ሁለት ሆነው ነው የመጡት።" ትስቃለች። ባለፈው ግን አልሳቀችም። "እኔ ግን ያየሁትን ነው ያልኩት፣ ውሸት ነው እንዴ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ጥያቄ ይዤ ወደ አንቺ መጣሁ። አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው።

እስካሁን በቃል ነበር የተከለከለችው፤ የቃልን ነገር ሽማግሌ እንዳልሰማ ሆኖ ሊያልፈው ይችላል። አሁን ግን ወረቀት መጣ። ከፈረምሽበት ሦስት ወር በደንብ ይቆጠርባታል። ያኔ ስምንቱም ፊልሞች አልቀዋል። ፊርማው ያንቺ ስለሆነ ደግሞ የከለከልሻት አንቺ ነሽ። እሱ ምን አደረገ? ጽፎ ሰጠ እንጂ። ደስ የሚለው ነገር እኮ ይኸው ነው፤ ከኋላ ሆኖ መንገድ መንገር ልማዱ ነው።

ፍሬሙን ልይልሽ ብዬ ረሳሁት። አሁንም ዘሟል። አይ ልጄ፣ ደብዳቤው እንዴት ያምራል! ፕሮጀክተሩን የሰጡን እንግዶች የላኩት አይደል? የመጡ ዕለት አንቺ ግማሽ ሰዓት ተናገርሽ። ስለ አርባው ፊልም፣ ድምፅ ስለማጥፋትሽ፣ ስለ እጅና ፊት … እኔ ከበሩ ሆኜ ዕንባዬ መጣ። ቀጥሎ አንድ ሰው ተረጎመላቸው። ሁለት ዓረፍተ ነገር። ቋንቋቸው አጭር ይሆናል። ከዚያ እንግዶቹ ተነሥተው የማንን እጅ ጨበጡ? … ረሳሁት። ያንቺን መሆን አለበት።

ደብዳቤው ሲመጣ ያነበበልሽ ሰው ምን ይላል አለሽ? "ለተከበሩት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ፊልሞቹን እንዲህ በጥበብ ስለመረጡ" … እንዲያ አይደል ያለሽ? ይገባሻል። ባለፈው ሳምንት ፋርማሲስቷ የልጆቿን መጽሐፍ ልትመልስ መጥታ፣ አንቺ ስልክ ላይ ስለነበርሽ፣ ቆማ ታነበው ነበር። ምን ይላል አልኳት። በጣቷ ወደ ላይ አሳየችኝና፣ "አባባ፣ ከላይ የተጻፈው ስም የወንድ ነው" አለችኝ። ቀጥሎ፣ "ከታች ደግሞ 'ለረዳት እህትዎም ሰላምታችንን ያድርሱልን' ይላል" አለች። ተሳስታ ይሆናል። መድኃኒት ማንበብ የለመደ ሰው ደብዳቤ ላያነብ ይችላል። እሷን ጠርተሽ አትጠይቂያት፤ ከዚህ ሁለት በር አልፎ ነው ያለችው፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አትወጣም። አትጠይቂያት እኔ እልሻለሁ።

አይ፣ አትነሺ። ራስሽ አታውርጂው፣ ከባድ ነው። … አወረድሽው። መልካም፣ አቧራውን ልጥረገው።

ከዚህ በላይ የማውቀው የለም። ከባለ ድምፁ በኩል የሰማሁት የመጨረሻ ወሬ የኀሙስ ዕለቱ ነው። ፀጉር ቤት ተቀምጦ የቀረችለትን ፀጉር እየተስተካከለ ነበር፣ እኔ ተራ እጠብቃለሁ። ፀጉር አስተካካዩን፣ "እህቴ ደክሟታል፤ ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ ፊልም መምረጡንም እኔ ልያዝላት ነው፤ ራሷ ለምናኝ ነው" አለው። ለምነሽው ነበር እንዴ? … አልጠየቅሁም። ጣትሽን ቀስረሽ የሆነ ነገር ብለሽው ይሆናል፣ እሱ ተርጉሞት ይሆናል። ከኀሙስ ወዲህ ምንም አልሰማሁም።

እንግዲህ ልሂድ። ጥያቄ ደረጃው ላይ ትጠብቀኛለች። ወረቀቱ እዚያው ነው፣ እስክሪብቶውም ይኸው፤ እንደ ወደድሽ። በሩን ልዝጋው? … ክፍት ይሁን? እሺ፣ ክፍት ይሁን።

ያን ሰው ግን፣ ልጄ፣ ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ይስጥልሽ። ጉሮሮው አይድረቅ፣ ድምፁ አይሰልል። ስንቷ ሴት ተናግራ የሚተረጉምላት አጥታ ቀርታለች! አንቺ ታድለሻል። እሱን ያቆይልሽ፤ እሱ ከሌለማ ምን እንዳልሽ ለራስሽስ ማን ይነግርሻል?